የብሮክሆል ጫካ ፈቃድ ጠያቂ

ግዌንዳ ፕሮበርት በሰባ አራት ዓመቷ ከማንም ጋር ተጣልታ አታውቅም ቢባል ውሸት ነው፤ ከክሌም ሃዊ ጋር በየቀኑ ትጣላ ነበር። ከእሱ በቀር ግን በላይዶክ መንደር ውስጥ የምታስቀይመውም የሚያስቀይማትም ሰው አልነበረም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የመንደሩ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ሠርታ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ዛሬ ራሳቸው ተመልጦ፣ ቦርጭ አውጥተው ትራክተር የሚነዱትን ወንዶች ሁሉ የምታውቃቸው በልጅነታቸው አንበላም ብለው በሚገፉት ነገር ነው። «እሱ? እሱ እኮ አተር የማይበላው ነው» ትላለች፣ ሰውየው የመንደሩ ምክር ቤት ሊቀ መንበር ሆኖ ሳለ።

የምትኖረው ከብሮክሆል ጫካ ግርጌ፣ እናቷም አያቷም በኖሩባት የድንጋይ ጎጆ ውስጥ ነው። ጠዋት ቁርሷን ትበላለች፣ ሳህኗን ታጥባለች፣ የጎማ ቦት ጫማዋን ታጠልቃለች፣ ፒክል የሚባለውን አንድ ጆሮው የተቀደደ ውሻዋን አስከትላ ጫካ ትገባለች። ቢዘንብም ትገባለች። በዚያ አገር ዝናቡ እስኪያባራ እጠብቃለሁ ያለ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ይሞታል።

ባሏ ኔቪል የወተት ቦቴ ነጂ ነበር። ደግ ሰው ነበር፤ ግን አንድም ቀን አብሯት ጫካ ገብቶ አያውቅም።

«እዚያ ውስጥ ምን አለ?» ይላታል።

«ዛፍ።»

«ትናንትስ ምን ነበር?»

«ዛፍ።»

«እንግዲያው ነገም አይጠፋም» ብሎ ጋዜጣውን ይገልጣል። ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። በቀብሩ ማግስት ጠዋትም ግዌንዳ ቦት ጫማዋን አጥልቃ ጫካ ገብታ ነበር። ሰው አምቷት ይሆናል፤ እሷ ግን ሌላ የምታለቅስበት ቦታ አታውቅም ነበር።

ጫካው ያረጀ ነው። ምን ያህል እንዳረጀ የሚያውቅ የለም። የአራት መቶ ዓመት ካርታ ላይ ቅርጹ ዛሬ እንዳለው ሆኖ ተስሏል፤ ዙሪያውን የሚዞረውን የአፈር ካብና ቦይ ደግሞ ከዚያም በፊት መነኮሳት አስቆፈሩት ይባላል። ባሉጥ የሚባሉት ትልልቅ ዛፎች ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፋቸው፣ ሆዳቸው የተቦረቦረ፣ ግን በየሚያዝያው ቅጠል ማውጣት የማይሰንፉ ሽማግሎች ናቸው። በመካከላቸው ያለው ቁጥቋጦ በየአሥር ዓመቱ ከሥሩ ይቆረጣል፣ መልሶም ያቆጠቁጣል። የግዌንዳ አባት በወጣትነቱ የቆረጠው ጉቶ አሁንም ቀጥ ቀጥ ያለ ዘንግ ያወጣል። በመጋቢት መሬቱ በትንንሽ ነጭ አበባ ይሸፈናል። ያ አበባ በመቶ ዓመት ከአንድ ሰው ቁመት በላይ አይስፋፋም ይላሉ፤ ግዌንዳ ይህን የሰማችው ከክሌም ስለሆነ ለብዙ ዓመት አላመነችም። በግንቦት ሰማያዊው የደወል አበባ ይፈነዳል፤ ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው። ኅዳር ሲገባ ደግሞ ጭቃው ቦት ጫማ ከእግር አውልቆ ያስቀራል።

መንገዲቱ አንድ ሰው በቅጡ የምታሳልፍ ቀጭን ናት። ከታችኛው በር ትጀምርና በቁጥቋጦው መሃል አልፋ፣ ወንዟን በአንድ ጣውላ ተሻግራ፣ ሽቅብ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ትወጣለች። የመንደሩ ሰው ለጸሎትም ለመጠጥ ቤትም፣ ውሻ ለማናፈስም ከሚስት ለመሸሽም በእሷ ነው የሚያልፈው። የጫካው ባለቤቶች ዴቨሬሎች ነበሩ፤ ከኮረብታው ላይ ባለው ትልቅ ቤት የሚኖሩ፣ ገንዘባቸው አልቆ ጨዋነታቸው የቀረላቸው ሰዎች።

እዚህ ላይ ነው የግዌንዳ ጠባይ የሚመጣው። እናቷ በዚያ ትልቅ ቤት ወለል ስትወለውል የኖረች ሴት ነበረች፤ ለልጇ ካወረሰቻቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ «የሰው መሬት የረገጠ የባለቤቱን በር ያንኳኳ» የሚል ቃል ነው። ስለዚህ ግዌንዳ በየዓመቱ በጥቅምት፣ ጥቁሩን የፕሪም ፍሬ ቀቅላ ማርማላታ ካደረገች በኋላ፣ አንድ ጠርሙስ ይዛ ሽቅብ ትወጣለች። የጓሮውን በር ታንኳኳለች፤ የፊት ለፊቱን በር ማንኳኳትማ አይታሰብም። አዛውንቱ ሚስተር ዴቨሬል ራሳቸው በካልሲያቸው ብቅ ይላሉ።

«ሚስተር ዴቨሬል፣ ዘንድሮም በጫካው በኩል ባልፍ ቅር ይልዎታል?»

«ኧረ ምን ቅር ይለኛል፣ ወይዘሮ ፕሮበርት! ይለፉ እንጂ፣ ይለፉ። ያምናው ማርማላታ እኮ እስከ ገና አልደረሰም!»

ሁለቱም ፊታቸው ይቀላል። ስለ ዝናቡ አንድ ቃል ይባባላሉ። ከዚያ እሷ ቁልቁል፣ እሳቸው ወደ ወጥ ቤታቸው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እሳቸው ሲሞቱ ሚስትየውን ጠየቀች። አርባ ሁለት ዓመት፣ አርባ ሁለት ጠርሙስ።

ክሌም ሃዊ ይህን ያውቅ ነበርና መቼም አይምራትም። ክሌም ሚስት ያላገባ፣ ዕድሜውን በሙሉ የገበሬ አጥር ሲያጥርና ሲከረክም የኖረ፣ ግዌንዳን በአራት ዓመት የሚበልጥ ነገረኛ ነው። ቤቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ስለሆነ እሱ ከላይ፣ እሷ ከታች ተነሥተው በየቀኑ ጣውላው ላይ ይገናኛሉ። ጣውላው ደግሞ ሁለት ሰው አያሳልፍም።

«አንቺ ሴት፣ ወረቀትሽን ይዘሻል?» ይላታል ከወዲያ ማዶ።

«አንተስ ሳሙና ይዘሃል?»

«ለዛፍ ጉቦ የሚሰጥ ሰው በሕይወቴ አንቺን ብቻ አየሁ። እኔ ለማለፍ ማንንም ለምኜ አላውቅም።»

«መች አጣሁት! የእናትህ ልጅ አይደለህ፤ ዓይንህን በጨው አጥበህ ነው የምታልፈው። በል ዞር በል፣ ውሻዬ ይሻገር።»

ቅድሚያ ለማን እንደሆነ ሳይወሰን ሃያ ዓመት አለፈ። አንዳንድ ቀን እሱ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ አንዳንድ ቀን እሷ፤ ብዙውን ጊዜ ግን ፒክል በመካከላቸው ቆሞ ሁለቱንም ይጮህባቸዋል። ግዌንዳ ከዚያ ሽቅብ ስትወጣ ልቧ ቀለል ይላት ነበር። ለሰው ብትናገረው ኖሮ በሽታ ነው ይሏት ነበር።

ሚስስ ዴቨሬል ባረፉ በዓመቱ የእህታቸው ልጅ ቤቱንም ጫካውንም ሸጠው። ገዢው ሚስተር ትሬድጎልድ የሚባል የሎንዶን ሰው ነው። እውነት ለመናገር ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሁለት ትንንሽ ልጆች ያሉት፣ ጸጥታ ፈልጎ የመጣ፣ የገዛውን ነገር አጥሮ ማስቀመጥ የለመደ ሰው ነበር። በየካቲት አንድ ጠዋት ግዌንዳ ታችኛው በር ላይ ስትደርስ የብረት ሰንሰለትና ጓጉንቸር አገኘች። አጠገቡ «የግል ይዞታ፤ መተላለፊያ አይደለም» የሚል ነጭ ሰሌዳ ተቸንክሯል።

እሷ አልተናደደችም። «አለመጠየቄ ነው» አለች ለውሻዋ። ቤቷ ተመልሳ ጠርሙስ አወረደች፣ የቤተ ክርስቲያን ካፖርቷን ለበሰች፣ ሽቅብ ወጣች። የጓሮው በር የለም፤ ቅጥሩ በሙሉ በአዲስ የኤሌክትሪክ በር ተዘግቶ ምሰሶው ላይ አንዲት ሳጥን ተለጥፋለች። ግዌንዳ ቁልፉን ተጫነችና ወደ ሳጥኗ ጎንበስ ብላ ጮኸች።

«ጤና ይስጥልኝ! ግዌንዳ ፕሮበርት ነኝ፤ ከታች ካለችው ጎጆ። በጫካው በኩል ባልፍ ቅር ይልዎታል ወይ ለማለት ነው!»

ሳጥኗ ትንሽ ተንኮሻኮሸችና የሰው ድምፅ አወጣች። «ወይዘሮ ፕሮበርት፣ በጣም አመሰግናለሁ፣ እውነት ጨዋ ሰው ነዎት። ግን ለእርስዎ ብፈቅድ ለሁሉም መፍቀድ ይኖርብኛል። ኢንሹራንሱ አለ፣ የልጆቹ ነገር አለ... ይቅርታዎን።»

«ምንም አይደለም፣ ምንም አይደለም» አለች ግዌንዳ ለሳጥኗ፤ ዝናቡንም አነሳችላት። ማርማላታውን ከምሰሶው ሥር አስቀምጣ ቁልቁል ወረደች። በሕይወቷ ሙሉ ጠይቃ የተከለከለችው ያን ቀን ብቻ ነው። ከንዴቱ ይልቅ ሀፍረቱ በለጠባት።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ዓመት ማንሳት ደስ አይልም። አስፋልቱን ተከትላ ትሄዳለች፣ የጭነት መኪና በክርኗ አጠገብ ሽው ይላል፣ ፒክል በገመድ ታስሮ ወደ ጫካው ወደ ጫካው ይጎትታታል። ግንቦት መጥቶ ሄደ፤ ሰማያዊው አበባ ከአጥሩ ማዶ ሲፈነዳ ሽታው ብቻ ደረሳት። ከሳች። ከሰው ጋር ስታወራ ፈዘዝ ትል ጀመር። የፖስታ ቤቷ ሴት «ግዌንዳ ምን ሆና ነው?» ብላ ስትጠይቅ ክሌም ነበር አሉ የመለሰላት፦ «የምትሰድበው ሰው አጥታ ነው።»

ነገሩን ያንቀሳቀሰችው ሮዛሊንድ ታፕ ናት፤ ጡረታ የወጣች የጂኦግራፊ መምህርት፣ ካርታ ካልዘረጋች ሻይ የማትጠጣ። መንደርተኛውን አዳራሽ ሰብስባ ሕጉን አስረዳች። ሕዝብ ሃያ ዓመት ሙሉ በአንድ መንገድ በግልጽ ከተመላለሰበት፣ አጥር ሳይሰብር፣ ሳይደበቅ፣ የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ፣ ያ መንገድ የሕዝብ ይሆናል፤ ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን፣ እስከ ዓለም ፍጻሜ። ማስረጃው የሰው ቃል ነው። ሁሉም ቅጽ ይሞላል።

«ቁልፉንስ በመጋዝ ብበጥሰው?» አለ ክሌም።

«ክሌም፣ በጥሰህ ካለፍክ በጉልበት ነው የሚባለው፤ ጉዳያችን ይበላሻል። ለአንድ ዓመት እጅህን ኪስህ ውስጥ አስቀምጥልኝ።» ከዚያ ሮዛሊንድ ወደ ግዌንዳ ዞረች። «የኛ ምሰሶ አንቺ ነሽ። ከስድሳ ዓመት በላይ፣ በየቀኑ! እንዳንቺ የሄደበት ሰው የለም።»

ሰው አጨበጨበ። ግዌንዳ ቅጹን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ» የሚለውን በደንብ ሰምታዋለች።

በማግስቱ ሞልታ ለሮዛሊንድ ሰጠቻት። ሮዛሊንድ መነጽሯን አድርጋ አነበበች፤ ፈቃድ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ የሚለው ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ ስትደርስ መነጽሯን አወለቀች።

«በየዓመቱ?»

«በየዓመቱ።»

«ለምን?»

«ጨዋነት ነዋ!»

ሮዛሊንድ ግንባሯን አሸት አሸት አደረገች። «ይህችን ጥያቄ... ባዶ መተው እኮ ይቻላል። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ረስተሽ ሊሆን ይችላል።»

«አርባ ሁለት ጠርሙስ ማርማላታ ረሳሁ?»

ቅጹ እንዳለ ሄደ።

በዓመቱ ሰኔ ላይ ጉዳዩን የምትሰማ መርማሪ ከብሪስቶል መጣች። በመንደሩ አዳራሽ፣ ባድሚንተን በሚጫወቱበት ወለል ላይ ጠረጴዛ ተዘርግቶላት ተቀመጠች። ጭቃ የማይፈራ ጫማ አድርጋለች፤ ይህን ሁሉም ሰው በጥሩ ምልክትነት ያዘው። ከኋላ የሻይ ጀበናው ይንተከተካል፤ ሦስት ዓይነት ኬክ ቀርቧል፤ የሚስተር ትሬድጎልድ ጠበቃም ከሎሚው ኬክ ሁለት ጊዜ በልቷል።

ግዌንዳ ከምስክሮቹ ሁሉ መጀመሪያ ስትጠራ ጠበቃው ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተደላደለ። እሷ እውነት ልትናገር ምላለች። በርኅራኄ ነበር የሚጠይቃት፤ ይህ ነው ያስፈራት። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል፤ ሰውየው አያያዙን ያውቅበታል።

«ወይዘሮ ፕሮበርት፣ በየዓመቱ ፈቃድ ይጠይቁ ነበር።»

«አዎ።»

«ሚስተር ዴቨሬልም ይፈቅዱ ነበር።»

«በጣም ደግ ሰው ነበሩ።»

«እጅግ ጥሩ።» አንድ አሮጌ የቆዳ ደብተር አነሳ። «ይህ የሟቹ የዕለት ማስታወሻ ነው፤ የሚስታቸው የእህት ልጅ ነው የሰጠን። ከሠላሳ ዓመት በፊት፣ በጥቅምት፣ እንዲህ ይላል፦ ‹ወይዘሮ ፕሮበርት ከማርማላታዋ ጋር መጣች። አንቺ ብቻ ሳትሆኚ የመንደሩ ሰው ሁሉ በፈቃዴ እንዲያልፍ ንገሪልኝ አልኳት።› ይህን ብለውዎታል?»

ግዌንዳ አስታወሰች። ዝናብ ነበር፤ ሚስተር ዴቨሬል ጉንፋን ይዟቸው ነበር። «ብለውኛል» አለች።

ሮዛሊንድ ዓይኗን ጨፈነች። ኬኩን የምትቆርጠው ሴትዮ እንኳ ቢላዋዋን አስቀመጠች። ነገሩ ለሁሉም ገብቶታል፤ ያ ቃል በግዌንዳ በኩል ለመንደሩ ከደረሰ፣ መንደሩ በሙሉ ሠላሳ ዓመት የሄደው በፈቃድ ነው። በፈቃድ የሄደ እርምጃ ደግሞ አይቆጠርም። መንገዱ የሚቀረውም የሚጠፋውም በዚህች ሴት አፍ ላይ ነው።

«ታዲያ» አለ ጠበቃው በለዘበ ድምፅ፣ «ነገሯቸው?»

መርማሪዋ ለግዌንዳ ውሃ እንዲሰጧት አዘዘች፤ ጠጣች። ፊቷ ከአንገቷ ጀምሮ እየቀላ ሄደ።

«አልነገርኩም» አለች።

«ለአንድ ሰው እንኳ?»

«ለማንም።»

ጠበቃው ፈገግ አለ፤ እንደማያምናት ያስታውቃል። «ወይዘሮ ፕሮበርት፣ እርስዎ መልካም ጎረቤት ነዎት፤ ሰው ሁሉ ይመሰክርልዎታል። እንዲህ ያለ ደስ የሚል መልእክት ተሰጥቶዎት ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለምን ይደብቃሉ?»

ይህን ጥያቄ ባይጠይቃት በወደደች። እውነቱን ለራሷም ተናግራው አታውቅም። ቀና ብላ አየች፤ ሊቀ መንበሩን፣ የፖስታ ቤቷን ሴት፣ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፎ የቆመውን ክሌምን። ሁሉም ያያታል።

«ደስ ስለሚለኝ ነው» አለች።

«ይቅርታ?»

«እኔ ብቻ በፈቃድ መሄዴ ደስ ስለሚለኝ።» በአገጯ ወደ መንደርተኛው አመለከተች። «እነሱ ዝም ብለው ነው የሚገቡት፤ ከብት እንደሚገባ። እኔ ግን ጠይቄ ነው። ጣውላው ላይ ሳገኛቸው፣ እንደምን አደራችሁ እላቸውና በሆዴ፣ እናንተ ሰርጎ ገቦች፣ እኔ ባለ ፈቃድ ነኝ እል ነበር። ሚስተር ዴቨሬል ንገሪያቸው ሲሉኝ... እሺ ብያቸው ወጣሁ። ቁልቁል ስወርድ፣ ሁሉም ከተፈቀደለት የኔው ምኑ ላይ ነው አልኩ። አልነገርኩም። ጥሩ ነገር አይደለም፤ አውቃለሁ። እናቴ ብትሰማ ታፍርብኝ ነበር።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሳቁን ሊያፍነው ሞክሮ ያቃተው፣ ሳል የመሰለ ሳቅ። ክሌም ነው።

«ሠላሳ ዓመት!» አለ ዓይኑን እየጠረገ። «ሠላሳ ዓመት እንደ ሌባ ታየን ነበር!»

«ሚስተር ሃዊ፣ ተራዎ ሲደርስ ይናገራሉ» አለች መርማሪዋ፤ የእሷም ከንፈር ግን ቀጥ ብሎ አልቆመም።

ተራው ሲደርስ ክሌም ባርኔጣውን አውልቆ ተቀመጠ። ሃምሳ አምስት ዓመት እንደተመላለሰ፣ በቀን እንጂ በጨለማ እንዳልሄደ፣ ሚስተር ዴቨሬልን ብዙ ጊዜ ፊት ለፊት እንዳገኛቸው፣ እሳቸውም «ጤና ይስጥልኝ ክሌም» ከማለት በቀር ቃል እንዳልተናገሩት አስረዳ።

«ፈቃድ ጠይቀው ያውቃሉ?» አለ ጠበቃው።

«ከማን?»

«ከማንም ሰው።»

«ለምን ብዬ?» አለ ክሌም፤ መልሱን ከልቡ የሚፈልግ ይመስል ነበር። ከእሱ በኋላ ሃያ ሁለት ሰው ተራ በተራ ተነሥቶ ያንኑ ደገመ። ላይዶክ በባለጌነቷ እንደዚያ ቀን ኮርታ አታውቅም።

ግዌንዳ ግን ከአዳራሹ የወጣችው አንገቷን ደፍታ ነው። ሰው ይጠላኛል ብላ ሁለት ሳምንት ሱቅ አልሄደችም። በሦስተኛው ሳምንት ሊቀ መንበሩ፣ አተር የማይበላው፣ በሩን አንኳኳ። «ወይዘሮ ፕሮበርት፣ ሰርጎ ገቡ ነኝ። ብገባ ቅር ይልዎታል?» አላት። መጀመሪያ በሩን ልትዘጋበት ቃጥቷት ነበር፤ ኋላ ግን ሁለቱም ወጥ ቤቷ ውስጥ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። መንደርተኛው ሰርጎ ገብ የሚለውን ስም እንደ ሹመት ይዞት ነበር። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ይባላል፤ የአንዲት ሴት ትንሽ ስስት ጫካ ያተርፋል ብሎ ግን ማን ይገምታል?

ውሳኔው በጥቅምት መጣ። ሮዛሊንድ አዳራሹ ውስጥ ቆማ አነበበችው፦ ከታችኛው በር እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለው መንገድ የሕዝብ የእግር መንገድ ነው፤ በካርታም ይግባ። ጩኸቱ ጣሪያውን ሊያነሳ ደረሰ። ግዌንዳም ከሰው ጋር ተነሥታ አጨበጨበች፣ አለቀሰች፣ ያገኘችውን ሁሉ አቀፈች። ኋላ ሰው ወደ ሻዩ ሲሄድ ወረቀቱን ተቀብላ ለብቻዋ አነበበችው። በአራተኛው ገጽ የሃያ ሦስት ሰው ስም ተዘርዝሯል። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «የወይዘሮ ፕሮበርት አካሄድ በፈቃድ የተደረገ በመሆኑ ከግምት አልገባም።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ቁጥቋጦው ስንቴ ተቆርጦ ሲያቆጠቁጥ ያየች፣ ባሏን ባሉጦቹ ሥር ያለቀሰች፣ ጭቃውን በጫማዋ የምታውቅ እሷ፣ በወረቀቱ አባባል በዚያ መንገድ አልሄደችም። ከአሥር ዓመት ወዲህ የመጣው የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሄዷል፤ እሷ አልሄደችም። ፍርዱ ትክክል ነው፤ ትክክል መሆኑ ግን አላጽናናትም። አመማት። ወረቀቱን አጣጥፋ ለሮዛሊንድ መለሰችና ኬክ ልትቆርጥ ሄደች።

ሚስተር ትሬድጎልድ፣ ለእሱም ምስጋና ይገባዋልና፣ ሰንሰለቱን በማግስቱ ራሱ ፈታው። ግዌንዳ ጠዋት ቁርሷን በላች፣ ሳህኗን አጠበች፣ ቦት ጫማዋን አጠለቀች። ብርድ ነበር፤ ፀሐይ ግን ነበረች። ታችኛው በር ላይ ስትደርስ ሰው ቆሟል።

ክሌም ነው። በበጋው ጉልበቱን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት በትር ይዟል። ቤቱ በወዲያኛው ጫፍ ነው፤ እዚህ ለመድረስ አስፋልቱን በሙሉ ዞሮ መምጣት ነበረበት፣ በዚያ ጉልበቱ።

«በተሳሳተ በር ነው የመጣኸው» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«ልትስቅብኝ ነው የመጣኸው? ያልተቆጠረችው፣ ልትለኝ?»

«አይደለም።» በትሩን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ፊቱን ተላጭቷል፤ አገጩ ላይ ቆርጦታል። «አራተኛውን ገጽ አነበብኩት። እነዚህ ሰዎች ቁጥር አያውቁም።»

ፒክል በሩን በአፍንጫው ከፍቶ ገባ፤ ከቁጥቋጦው ሥር ቅጠል ሲያንኮሻኩሽ ይሰማል።

ክሌም ጉሮሮውን ጠረገ። «አብሬሽ ልሂድ?» አላት።

«ምን አልክ?»

«ሰምተሻል።»

«ክሌም ሃዊ! በሰባ ስምንት ዓመትህ ፈቃድ መጠየቅ ጀመርክ?»

«መንገዱን አይደለም የጠየቅኩት» አለ ክሌም። ጆሮው ሳይቀር ቀላ። «አንቺን ነው።»

ግዌንዳ ፈቃድን ከሁለቱም ወገን ታውቀዋለች፤ በሳጥን በኩል ሲከለከሉ እንዴት እንደሚያምም ታውቃለች። ቢሆንም ወዲያው መልስ አልሰጠችውም። ጓንቲዋን አወለቀች፣ መልሳ አጠለቀች፣ ጫካውን አየች፣ እሱን አየች። ደስታዋ ፊቷ ላይ እንዳይታይባት እየተጠነቀቀች ነበር፤ አልሆነላትም እንጂ።

«መንገዱ ቀጭን ነው» አለችው። «ውሻው ከፊት፣ እኔ ቀጥዬ፣ አንተ ከኋላ። ከደከመህ ተናገር፤ እንደ ወንድ ዝም ብለህ እንዳትወድቅብኝ።»

«እሺ» አለ ክሌም።

እሺ ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማችው ያን ቀን ነው። በሩን ለእሱ ይዛለት ገቡ።